የቫሪኮስ ካልሲ አልሠራ ላላችሁ፦ የተወጣጠረ የእግር ደም ስርን ደረጃ በደረጃ መያዝ

ባህር ዳር ውስጥ ቫሪኮስ ቬይን (የተወጣጠረ የእግር ደም ስር) የያዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አንዱ ወዳጁ "እግር የሚያጠብቅ ካልሲ አለው እኮ" ይለዋል። ፋርማሲ ይገባል፣ የጫማ ቁጥሩን ይናገራል፣ ይገዛል። ከሰዓት በኋላ እግሩ ካበጠ በኋላ እየታገለ ያጠልቃል። ያቃጥለዋል፣ ከጉልበቱ በታች ይቆርጠዋል። በሦስተኛው ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ይወረውረዋል። ከዚያ "ካልሲው አይሠራም" ይላል። ካልሲውስ ይሠራል። የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንተማመን። የተወጣጠረ ደም ስርን ቤት ውስጥ የሚያጠፋ ነገር የለም። ደም ወደ ታች እንዳይመለስ የሚዘጉ ትንንሽ ቫልቮች በደም ስሩ ውስጥ አሉ። እነሱ አንዴ ከላሉ በቅባትም በስፖርትም አይጠብቁም። ቤት ውስጥ የምንሠራው እብጠቱን፣ የእግር መክበዱንና ቁርጥማቱን መቀነስ፣ ቆዳው ወደ ቁስል እንዳይሄድም መጠበቅ ነው። ደም ስሩን መዝጋት ወይም ማውጣት የሐኪም ሥራ ነው፤ እሱ ደረጃ 7 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ ሌላ በሽታ አለመሆኑን አረጋግጡ

1. ብርሃን ባለበት ቁሙና ሁለቱንም እግር ከታፋ እስከ ጣት ተመልከቱ። ቫሪኮስ የተጠማዘዘና ያበጠ ስር ነው፤ ስትቆሙ ይወጣል፣ ተኝታችሁ እግራችሁን ስትሰቅሉ ይሟሽሻል። ጠይም ቆዳ ላይ ቀለሙ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ በመዳፋችሁ ዳስሱት።

2. እብጠቱ ከየት እንደጀመረ አስቡ። ከእግር ጣቶችና ከእግር ጀርባ ጀምሮ ወደ ላይ የወጣ ከሆነ፣ በተለይ በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሄደ ሰው ከሆነ፣ ሰው ዝሆኔ የሚለው ፖዶኮኒዮሲስ ሊሆን ይችላል። መፍትሔውም ሌላ ነው፦ በየቀኑ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ጫማ ማድረግ፣ በባለሙያ መጠቅለል። ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

3. ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ፣ ሌሊት ትንፋሽ የሚያጥራችሁ ከሆነ ወይም ጠዋት ፊታችሁ የሚያብጥ ከሆነ ልብና ኩላሊት ይታዩ። እስኪታዩ ድረስ ካልሲ አታጥልቁ።

እነዚህን ካያችሁ መመሪያውን ዝጉና ሂዱ

- አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ባቱን ሲነኩት ካመመ፦ በጥልቁ ደም ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬውኑ ሆስፒታል።
- በዚህ ላይ ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ፣ ደም ያለበት አክታ ከወጣ፦ የረጋው ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ባጃጅም ይሁን የጎረቤት መኪና፣ ያገኛችሁትን ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።
- ያበጠው ስር እንደ ገመድ ከጠነከረ፣ ከቀላና ካመመ፦ እስከ ነገ ባለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ታዩ።

ከወለዳችሁ ገና ሳምንታት ከሆነ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ ወይም የእርግዝና መከላከያ እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት። የደም መርጋት ዕድልን ይጨምራል።

ደረጃ 2፦ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ፈትሹ

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል። ግን እግር የሚያሳጣው እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት ነው። የሚያጠብቅ ካልሲ የሚረዳው ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ነው። ወደ እግር የሚወርደው ደም ራሱ ካነሰ ግን ካልሲው የቀረውን ጭምር ያንቀዋል።

1. በእግር ጀርባ መሐል ላይ ሁለት ጣት አሳርፉና ትርታ ፈልጉ። ካጣችሁት ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ጀርባ ሞክሩ። በኃይል አትጫኑ፤ ከተጫናችሁ ትርታው ይጠፋል።

2. ራሳችሁን ጠይቁ፦ እግሬ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው? ትንሽ ስሄድ ባቴን ይዞኝ ስቆም ይለቀኛል? ጣቴ ላይ የማይድን ቁስል አለ? ስኳር አለብኝ፣ እግሬስ ደንዝዟል?

3. ትርታው ከጠፋባችሁ ወይም ለአንዱ ጥያቄ "አዎ" ካላችሁ ካልሲ አትግዙ። የእግርንና የክንድን የደም ግፊት የሚያነጻጽር ምርመራ ወይም ዶፕለር አልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ የደሙን ፍሰት የሚያሳይ ምርመራ) ይታዘዝላችሁ።

ደረጃ 3፦ ጠዋት ለኩ፣ ከዚያ ግዙ

የምትለኩበት ሰዓት ወሳኝ ነው። ማታ የተለካ እግር ያበጠ እግር ነው። በዚያ ልክ የተገዛ ካልሲ ጠዋት ይላላና ቀስ እያለ ቁርጭምጭሚት ላይ ይከማቻል።

1. ማታ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ወረቀትና እስክሪቢቶ አልጋችሁ አጠገብ አስቀምጡ።

2. ጠዋት እንደነቃችሁ፣ ቡና ከመፈላቱ በፊት፣ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣችሁ ለኩ፦
 - የቁርጭምጭሚት ዙሪያ፦ ከጉብታው በላይ በጣም የሚቀጥነው ቦታ።
 - የባት ዙሪያ፦ በጣም የሚወፍረው ቦታ።
 - ርዝመት፦ ከወለል እስከ ጉልበት መታጠፊያ፤ ከመታጠፊያው ሁለት ጣት ዝቅ ብላችሁ አቁሙ።

3. ሁለቱንም እግር ለዩና ጻፉ። ብዙ ሰው ላይ ይለያያሉ።

4. ፋርማሲ ስትሄዱ የካርቶኑን ጀርባ አሳዩኝ በሉ። በሴንቲ ሜትር የተሠራ የልክ ሰንጠረዥ መኖር አለበት። በጫማ ቁጥር ወይም "ለሁሉም ይሆናል" ተብሎ የሚሸጠውን ተዉት።

5. የጥብቀቱን ቁጥር አንብቡ። የሚለካው በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (mmHg) ነው። ከ15 እስከ 20 ቀላል ነው፤ ለድካምና ለመጠነኛ እብጠት፣ ለጀማሪም ይሆናል። ከ20 እስከ 30 መካከለኛ ነው፤ ግልጽ ቫሪኮስና በየማታው የሚያብጥ እግር ላለው ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ይህ ነው። ከ30 በላይ የሆነውን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትንኩ።

6. ከጉልበት በታች ያለውን ግዙ። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። የታፋው በባህር ዳር ሙቀት ስቃይ ነው፤ እየተንሸራተተም ያስቸግራል። ጣቱ ክፍት የሆነ ካገኛችሁ ምረጡት፤ ይተነፍሳል፣ የጣታችሁንም ቀለም ያሳያችኋል።

የሚቻል ከሆነ ሁለት ጥንድ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል።

ደረጃ 4፦ አጠላለቁ

ማታ፦ እግራችሁን ታጠቡ፣ አድርቁ፣ ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት ቀቡ። ጠዋት አትቀቡ። ቅባት ካልሲውን ያንሸራትተዋል፣ ላስቲኩንም ይጎዳዋል። የእግር ጥፍር ይቆረጥ። የተሰነጠቀ ተረከዝ ካለ ይለስልስ፤ ሻካራ ተረከዝ አዲስ ካልሲ ይመዛል።

ጠዋት፦

1. እግራችሁ ወለል ሳይነካ ጀምሩ። ተነስታችሁ ቁርስ ሠርታችሁ ከሆነ እግራችሁን ከፍ አድርጋችሁ ሩብ ሰዓት ተኙና ከዚያ አጥልቁ።

2. ቀለበት አውልቁ። የጎማ የእቃ ማጠቢያ ጓንት አድርጉ። ይህ ጓንት የግማሹን ሰው ችግር ይፈታል፤ ጨርቁን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ጥፍርም አይቀደውም።

3. እጃችሁን ካልሲው ውስጥ እስከ ተረከዙ ክፍል አስገቡ። ተረከዙን ከውስጥ ያዙና ካልሲውን ወደ ውጭ ገልብጡት። የእግሩ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ፣ የባቱ ክፍል ብቻ ይገለበጣል።

4. ጣታችሁን አስገቡ፣ ተረከዛችሁ የካልሲው ተረከዝ ላይ በትክክል እስኪቀመጥ ድረስ ሳቡ። ተረከዙ ካልገጠመ ወደ ላይ አትቀጥሉ።

5. አሁን የተገለበጠውን በመዳፋችሁ ትንሽ በትንሽ ወደ ላይ ግፉ። አፉን ይዞ መጎተት ክልክል ነው። የተጎተተ ካልሲ ላይኛው በኩል ይጠብቃል፣ ታችኛው በኩል ይላላል። የሚፈለገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የጠበቀ፣ ወደ ጉልበት ሲወጣ ላላ የሚል።

6. ከጉልበት መታጠፊያ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም። ከተረፈ አትጠቅልሉት፤ በመዳፋችሁ ወደ ታች አከፋፍሉት። የተጠቀለለ አፍ እግርን በገመድ እንደ ማሰር ነው። ካልሲውን ማታ ስታወልቁ ከጉልበት ስር ዙሪያውን የገባ ቀይ ቦይ ካገኛችሁ ጠቅልላችኋል ወይም ልኩ አይደለም።

7. ሽብሽቡን በመዳፍ አለስልሱ። በተለይ የቁርጭምጭሚትን ፊት እዩ፤ አንድ እጥፋት እዚያ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ቆዳውን ይልጣል።

8. ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጣታችሁን እዩ። ነጣ፣ ጠቆረ ወይም ደነዘዘ? አውልቁት።

ማታ ስትተኙ አውልቁ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

*ይወርዳል።* ልኩ ሰፍቷል ወይም ላስቲኩ አልቋል። በየቀኑ የሚለበስ ካልሲ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ይለወጣል።

*ጭራሽ አይገባልኝም።* ወገቧን የሚያማት እናት ወይም ጣቶቹን የሚቆረጥመው አባት ከ20 እስከ 30 ያለውን ብቻቸውን ማጥለቅ ይከብዳቸዋል። ሁለት ቀለል ያሉ ካልሲዎችን መደራረብ ይቀላል። ጥብቀቱ ስለሚደመር ሁለቱም ቀላል ይሁኑ። ከቤት ሰው አንዱ አጠላለቁን ይማር፤ ልጆች ቶሎ ይይዙታል።

*ሙቀቱ አልተቻለም።* ከመጋቢት እስከ ግንቦት እውነት ነው፣ ያቃጥላል። ሁሉንም ከመተው ቀለል ወዳለው ውረዱ። ወይም የምትቆሙባቸውን ሰዓታት ብቻ ልበሱ፣ ቤት ስትገቡ አውልቁና እግር ስቀሉ።

*ያሳክካል።* ብዙ ጊዜ ሳሙና በደንብ አልወጣም ወይም ቆዳው ደርቋል። በለብ ያለ ውሃ በእጅ እጠቡ፣ በረኪና አታስነኩ፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ጨምቁ፣ ጥላ ላይ ስጡ። የጋለ ቆርቆሮ ላይ የተሰጣ ካልሲ ላስቲኩ ይሞታል። ሽፍታ ከወጣ ግን አቁሙና ታዩ።

*ካልሲ አጣሁ፣ ላስቲክ ፋሻ ልጠቅልል?* ከጣቶች ስር ጀምሮ፣ ተረከዙን ሸፍኖ፣ እያንዳንዱ ዙር የበፊቱን ግማሽ እየደረበ እስከ ጉልበት ስር ይሄዳል። መጀመሪያ ነርስ ታሳያችሁ። መሐል ላይ የጠበቀ ፋሻ ጭራሽ ካለመጠቅለል ይብሳል።

ደረጃ 5፦ እግር ስቀሉ፣ ባት አሠሩ

እግርን በርጩማ ላይ ማሳረፍ መስቀል አይባልም። እግር ከልብ በላይ መሆን አለበት። በጀርባችሁ ተኙ፣ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ከባታችሁና ከተረከዛችሁ ስር አድርጉ፣ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆዩ። በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ቢሆን ጥሩ ነው። ሥራ ላይ የሚውል ሰው ምሳ ሰዓትና ማታ ያድርገው። ከአልጋው እግር ስር ጡብ አስገብቶ የእግርጌውን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ማንሳትም ይረዳል። ትንፋሽ የሚያጥረው የልብ ሕመምተኛ ግን ይህን አያድርግ።

ከእግር ደም የሚመልሰው ፓምፕ የባት ጡንቻ ነው። ቆሞ መዋልም ተቀምጦ መዋልም ይህን ፓምፕ ያቆመዋል። ስለዚህ፦

- ፀጉር አስተካካዩ፣ አስተናጋጁ፣ መምህሩ፣ ትራፊክ ፖሊሱ፦ በየግማሽ ሰዓቱ በእግር ጣታችሁ ቁማችሁ ተረከዝ አንሱና አውርዱ፣ ከ15 እስከ 20 ጊዜ።
- ባጃጅ ነጂው፦ ተሳፋሪ ስትጠብቁ ውረዱ። ወንበር ላይ እያላችሁም ቁርጭምጭሚትን ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሱ።
- ማህሌት ወይም ቅዳሴ የምትቆሙ፦ ካልሲውን ከቤት አጥልቃችሁ ሂዱ። መቋሚያው ላይ ተደግፋችሁ ክብደታችሁን ከአንድ እግር ወደ ሌላው አዛውሩ፣ ተረከዝ አንሱ። ማንም አያይባችሁም።
- ቡና የምታፈላው፦ ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ጉልበት አጥፎ፣ ከሰል ፊት ለፊት፣ ሦስተኛው እስኪወርድ መቀመጥ ለዚህ እግር ከባድ ነው። ከፍ ያለ ወንበር አምጡ፣ በአቦሉና በቶናው መሐል ተነሱ።
- አዲስ አበባ በአውቶቡስ የምትሄዱ፦ ካልሲ አድርጉ፣ ውሃ ጠጡ፣ መኪናው በቆመ ቁጥር ውረዱና ተራመዱ።

በቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ይበቃል። በዚህ የባህር ዳር ሰው ታድሏል፤ ከተማው ሜዳ ነው፣ የሐይቁ ዳር ጥላ አለው። ብስክሌት ካላችሁ ደግሞ ከመራመድ አያንስም። ኮርቻውን ከፍ አድርጉት፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ሊዘረጋ ጥቂት ሲቀረው ባት ይሠራል። ክብደት ከመጠን በላይ ከሆነም መቀነሱ ለእግሩ እረፍት ነው።

ደረጃ 6፦ ቆዳ፣ መድማት፣ ቁስል

ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ በውስጥ በኩል ያለውን ቆዳ በየሳምንቱ እዩ። መጥቆር፣ መጠንከርና ማሳከክ ከቁስል በፊት የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። አትፎክቱ፣ ማታ ማታ ቅባት ቀቡ፣ ሐኪም ቀጠሮ ያዙ።

ከደማ

1. ወዲያው ተኙ። ቆማችሁ አትሩጡ፤ ቆሞ የሚደማ ቫሪኮስ በኃይል ይፈሳል።
2. እግሩን ግድግዳ ወይም ወንበር ላይ ከፍ አድርጉ።
3. ንጹህ ጨርቅ አጣጥፋችሁ የሚደማው ነጥብ ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አጥብቃችሁ ያዙ። በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩ።
4. ከበላዩ በገመድ ወይም በመቀነት አትሰሩ። ቡና ዱቄትም አትነስንሱ።
5. ካልቆመ እንደያዛችሁት ሆስፒታል። ቢቆምም በማግስቱ ታዩ፤ ተመልሶ ይደማል።

ከቆሰለ

ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በሳላይን (ንጹህ የሕክምና ጨው ውሃ) እጠቡ፣ በንጹህ ጎዝ ሸፍኑ፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅጠል፣ አመድ፣ የተፈጨ እንክብል አታድርጉበት። ቁስሉን የሚያድነው በዋናነት በትክክል የተጠቀለለ ፋሻ ነው፤ እሱም ደረጃ 2 ከተፈተሸ በኋላ። በሁለት ሳምንት ካልዳነ ሪፈር ጠይቁ። ጠበል የምትጠመቁ ቁስሉን በንጹህ ፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ከጨረሳችሁ በኋላ እግር አድርቃችሁ ፋሻውን ወይም ካልሲውን መልሱ። ጣና ውስጥ ቆሞ እግር ማቀዝቀዝ የሚሉትን ግን አትስሙ። ውሃው ቢልሃርዚያ አለበት፣ ክፍት ቁስልም ይመርዛል። ጉማሬውን አልቆጠርኩም።

በፍጹም አታድርጉ

ዋግምት፣ በምላጭ መበጣት፣ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ባትን በኃይል ማሳሸት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደም መፍሰስና ቁስል ያመጣሉ። ሦስተኛው፣ ውስጥ የረጋ ደም ካለ ሊነቅለው ይችላል። ስልክ ላይ "በሰባት ቀን ያጠፋል" እየተባለ የሚሸጠው ቅባትም ገንዘባችሁን ብቻ ነው የሚያጠፋው።

ደረጃ 7፦ ወደ ሐኪም

ሕመሙ ሥራ ካስፈታ፣ ቆዳው ከጠቆረ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ ወይም ስሩ ከጠነከረ ካልሲ ላይ ብቻ አትቆዩ።

1. ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። የማህበረሰብ ጤና መድህን ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱ የግድ ነው፤ ቀጥታ ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ባህር ዳር ላይ ትልልቆቹ የሪፈራል ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ናቸው።

2. ዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታዘዝ "ቆሜ ነው የምታየው?" ብላችሁ ጠይቁ። ደም ወደ ኋላ መመለሱ በደንብ የሚታየው ቆሞ ነው። ተኝቶ ብቻ የታየ ምርመራ ችግሩን ሊስተው ይችላል።

3. ምርጫዎቹን ጠይቁ። አንዱ ደም ስሩን ከውስጥ በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት መዝጋት ነው። ሁለተኛው አረፋ መድኃኒት ወግቶ ማጣበቅ ነው። ሦስተኛው በቀዶ ሕክምና አስሮ ማውጣት ነው። የትኛው እዚህ እንደሚሠራ፣ የትኛው አዲስ አበባ እንደሚያስኬድ፣ ዋጋውንም አንድ ላይ ጠይቁ። "ደም ስሬ ከወጣ ደም በምን ይመለሳል?" ብላችሁ አትስጉ፤ አብዛኛው ደም የሚመለሰው በጥልቁ ደም ስር ነው።

4. ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ሕክምናው ከወሊድ በኋላ ይቆይ። በእርግዝና የመጣ ቫሪኮስ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት ይቀንሳል። እስከዚያ ካልሲ፣ እግር መስቀልና በግራ ጎን መተኛት።

5. ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ይዛችሁ ሂዱና አሳዩ።

6. ከሕክምናው በኋላ በዚያው ቀን መራመድ ጀምሩ፤ "አራስ" ሆኖ መተኛት ደም ያረጋል። ካልሲውን የታዘዘላችሁን ያህል ቀን ልበሱ። መበለዝና ገመድ የመሰለ ጥንካሬ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ባት በድንገት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን የቀጠሮውን ቀን አትጠብቁ። የአልትራሳውንዱን ወረቀት አትጣሉት፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ስር ቢወጣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።